የ«ድንቅ ሥራ» ትርጕም በአድማጮች ዘንድ፤ ስለ አንድ አከራካሪ የራፕ አልበም

በሜይ 13 ቀን 2022 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ አገር «ሚስተር ሞራል ኤንድ ዘ ቢግ ስቴፐርስ» የተባለ የራፕ አልበም ወጣ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ባለቤቱ በካሊፎርኒያ የኮምፕተን ከተማ ተወላጅ የሆነው ኬንድሪክ ላማር ነው። አልበሙ በወጣበት ሳምንት ሽያጩና በኢንተርኔት መደመጡ ተደምሮ 295 ሺህ ያህል ቅጂ ተቈጥሮለት በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ በ2023ም ለራፕ አልበም የሚሰጠውን የግራሚ ሽልማት ተቀበለ። ዳሩ ግን ሰንጠረዡም ሽልማቱም በአድማጮች መካከል የተነሣውን ክርክር አላበረዱትም። አንደኛው ወገን ዘፋኙ እስከዚያ ቀን ከሠራው ሁሉ የላቀ፣ ዘመኑን የሚሻገር ድንቅ ሥራ ነው ሲል፣ ሁለተኛው ወገን የተዝረከረከ፣ በራሱ ቍስል ላይ ብቻ ያተኰረ፣ በግብረ ገብ በኩልም የሚያሳፍር ሥራ ነው አለ። ይህ ክርክር ከወጣበት ዓመት አልፎ እስከ ዛሬ ይቀጥላል፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ በታች እንደሚታየው አዲስ ነገር ተጨምሮበት እንደገና ተቀስቅሷል።

«ድንቅ ሥራ» ለማለት በእንግሊዝኛ የሚነገረው «ማስተርፒስ» የተባለው ቃል በቀድሞ ዘመን አውሮፓ ከነበሩት የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት የመጣ ነው። አናጢው ወይም አንጥረኛው የልምምድ ዘመኑን ሲፈጽም አንድ ሥራ በጥንቃቄ ሠርቶ ለማኅበሩ ሊቃውንት ያቀርብ ነበር፤ እነርሱም አገላብጠው መርምረው ካጸደቁለት እርሱም በተራው ሊቅ ተብሎ በስሙ ይሠራል። ስለዚህ ቃሉ በመነሻው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራና ፈራጁ ማን እንደ ሆነ። በራፕ ዓለም እንዲህ ያለ ማኅበር ኖሮ አያውቅም። ይህ የዘፈን ዓይነት በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ የብሮንክስ ሠፈር ሲወለድ፣ ሁለት ባለ ስንኞች በሰው ፊት ተጋጥመው ሲፎካከሩ አሸናፊውን የሚለየው በዙሪያቸው የቆመው ሕዝብ ጩኸት ነበር። ቈይቶ መጽሔቶች ዳኝነቱን ለመውሰድ ሞከሩ። በ1988 የተመሠረተው «ዘ ሶርስ» የተባለው መጽሔት በማይክሮፎን ሥዕል ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ አምስት ማይክሮፎን ማግኘት «ክላሲክ» የሚለውን ማዕርግ እንደ ማግኘት ይቈጠር ነበር፤ ናስ በ1994 ያወጣው «ኢልማቲክ» ይህን ነጥብ ማግኘቱ ዛሬም በክርክር መካከል እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። የመጽሔቶቹ ሥልጣን ሲደክም ግን ፍርዱ ወደ ጥንት ባለቤቱ ተመለሰ። ልዩነቱ፣ የብሮንክሱ ሕዝብ በጩኸት ብቻ ሲፈርድ የዛሬው አድማጭ ምክንያቱን በረጅሙ የሚጽፍ መሆኑ ነው።

ይህ አድማጭ የሚሠራባቸው የራሱ መመዘኛዎች አሉት፤ ማንም ተቀምጦ ያልደነገጋቸው ቢሆኑም ሁሉም ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው «የሚዘለል ዘፈን የለውም» የሚለው ነው፤ አድማጩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዱንም ሳያልፍ የሚሰማው አልበም ከፍ ያለ ማዕርግ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ተመላልሶ የመደመጥ ዋጋ ነው፤ ይኸውም በመኪና ውስጥ፣ በሥራ ላይ፣ በግብዣ ቤት ሳይሰለች መሰማቱ ነው። ሦስተኛው የስንኙ ብልሃት፣ ማለት ቤት አመታቱና የቃላቱ ድርብ ትርጕም ነው። አራተኛው አንድነት ነው፤ ዘፈኖቹ እንደ አንድ መጽሐፍ ምዕራፎች መያያዛቸው። አምስተኛው፣ ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው፣ «ዕድገት» የሚባለው ነው፤ ዘፋኙ ካለፈው ሥራው አንድ እርምጃ መራመድ አለመራመዱ ይታይበታል። እነዚህ መመዘኛዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በግብዣ ቤት የሚደጋገም ዘፈን ብዙ ጊዜ እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ አይሆንም፤ ልብን የሚያደማ ኑዛዜም በየቀኑ ሊሰማ የሚወድ የለም። ስለ «ሚስተር ሞራል» የተደረገው ክርክር አብዛኛው ክፍል የዚህ ግጭት ውጤት ነው። አንዱ «ሁለት ጊዜ ሰምቼው ተውሁት» ሲል የሁለተኛውን መመዘኛ ይዞ ነው፤ ሌላው «ይህ ለመዝናኛ አልተሠራም» ብሎ ሲመልስለት አራተኛውንና አምስተኛውን ይዞ ነው። ሁለቱም ስለ አንድ ቃል የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ የያዙት ሚዛን የተለያየ ነው።

ከመመዘኛዎቹ ሌላ ክርክሩን የሚያቈሙ ሁለት አነጋገሮች አሉ። አንዱ «አልገባህም» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ዘፈኑ የተሰወረ ትርጕም ስላለው የማይወደው ሰው ሁሉ ያልተረዳው ነው ማለት ስለሆነ ማንኛውንም ነቀፋ አስቀድሞ ይዘጋል። ሌላው ይህን ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ሲሆን «ስታን» የሚል የስድብ ስም ነው፤ ቃሉ ኤሚነም በ2000 ስለ አንድ ልቡ የታወረ አድናቂ ከዘፈነው ዘፈን የተወሰደ ነው። ዝቅ ያሉ አነጋገሮች ቢሆኑም ሐያሲ ሊንቃቸው አይገባም። የመጀመሪያው ዘፈን ሊፈታ የሚገባው ነገር ነው የሚለውን እምነት፣ ሁለተኛው ደግሞ ፍቅር የፍርድ ጠላት ነው የሚለውን እምነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ ግጥም በሚነገርበት አገር ሁሉ የኖሩ እምነቶች ናቸው።

ክርክሩ ለምን እንዲህ እንደ መረረ ለመረዳት አድማጩ በዘፋኙ ላይ አለኝ የሚለውን ዕዳ ማየት ያስፈልጋል። ኬንድሪክ ላማር በ2012 ባወጣው አልበም በኮምፕተን የወሮበሎች ጠብ መካከል ያደገ አንድ ብላቴና የሚያየውን ተረከ። በ2015 «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» በተባለው ሥራው የጃዝና የፈንክ ሙዚቃን ከራፕ ጋር አዋሕዶ ስለ ጥቍር አሜሪካውያን ክብርና ውርደት ተናገረ፤ በውስጡ ያለው «ኦልራይት» የተባለው ዘፈንም የፖሊስን ግድያ በሚቃወሙ ሰልፈኞች አፍ አዝማች ሆነ። በ2017 የወጣው «ዳም» በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ የሆነ ሥራ ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ከዚህ በኋላ ሰውዬው ዘፋኝ ብቻ አልነበረም፤ አፈ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ተገድሎ አገሩ ሁሉ በሰልፍ ሲናወጥ በአደባባይ ብዙ አለመናገሩ እንደ ዕዳ አለመክፈል ተቈጠረበት። ስለዚህ ከ«ዳም» በኋላ 1855 ቀናት ቈይቶ አዲስ አልበም ሲያወጣ፣ ይህንንም ቍጥር ራሱ በመጀመሪያው ዘፈን ሲያነሣ፣ አብዛኛው አድማጭ የጠበቀው ስለ አገሩ የሚናገር ድምፅ ነበር። የመጣለት ግን ስለ አባቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ልጆቹ እናትና ስለ ራሱ ኃጢአት የሚናገር ሰው ነው። ይባስ ብሎ «ሴቪየር» ማለት «አዳኝ» በተባለው ዘፈን እርሱም ሆነ ሌሎች ስመ ጥሮች የማንም አዳኝ እንዳልሆኑ በግልጽ ይናገራል። በሽፋኑ ሥዕል ላይ የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ሴት ልጁን ታቅፎ፣ በወገቡ ሽጕጥ ሽጦ ይታያል፤ አክሊሉን ያደረገው ሊያወልቀው መሆኑን ለመረዳት ግን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ማኅበረ ሰቡ የሰጠውን አገልግሎት እምቢ ያለ ሥራ በዚያው ማኅበረ ሰብ ዘንድ ድንቅ ሊባል ይችላልን? ወዳጆቹ እምቢታውን ራሱን እንደ ጀግንነት አድርገው አወደሱት፤ ነቃፊዎቹም እምቢታውን ራሱን እንደ ክሕደት አድርገው ወቀሱት። ሁለቱም ወገኖች ስለ ሰውየው አቋም ሲከራከሩ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ የሚመረምር እያነሰ ሄደ። የቀድሞዎቹ የአናጢ ሊቃውንት ቢሆኑ ኖሮ ወንበሩን ገልብጠው መገጣጠሚያውን ያዩ ነበር።

አልበሙ ዐሥራ ስምንት ዘፈኖች ያሉት ሲሆን ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ በሁለት ክፍል ተከፍሏል። የመጀመሪያው ክፍል «ታላላቆቹ ስቴፐሮች»፣ ሁለተኛው «ሚስተር ሞራል» ይባላል። «ስቴፐር» የሚለው ቃል የቅኔ መምህራን ኅብር የሚሉት ዓይነት ነው። በአንድ ወገን እግሩን እያሳረፈ የሚጨፍር ማለት ሲሆን፣ በሌላ ወገን በመንደር ቋንቋ ደም ለማፍሰስ ወደ ኋላ የማይል ሰው ማለት ነው። በአልበሙ ውስጥ በየስፍራው የሚሰማው የታፕ ዳንስ ድምፅ፣ ማለት በጫማ ሶል ላይ በተመታ ብረት ወለል እየደበደቡ የሚጨፈረው ጭፈራ፣ ሁለቱን ትርጕሞች ያስተሳስራል። ይህ ጭፈራ የአፍሪካ ባሮች ያመጡት የእግር ምት ከአየርላንድና ከእንግሊዝ ጭፈራ ጋር ተዋሕዶ በአሜሪካ የተወለደ ነው፤ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነጮች ፊታቸውን በጥቍር ቀለም ቀብተው በጥቍሮች ላይ በሚሣለቁበት መድረክ ላይ ይታይ ስለ ነበረ፣ ጥቍሩ ሰው ነጭን ለማስደሰት የሚያሳየው ፈገግታ ምልክትም ሆኖ ቀርቷል። ከዚህም ሌላ በእንግሊዝኛ አንድን ነገር ፊት ለፊት ሳይናገሩ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ በዚሁ ጭፈራ ስም ይጠራል። አልበሙ የሚነሣው ከዚህ ከሦስተኛው ትርጕም ነው። የዘፋኙ ባልንጀራ የዊትኒ አልፎርድ ድምፅ ገና በመግቢያው እውነቱን እንዲናገር ያዝዘዋል፤ በ«ዊ ክራይ ቱጌዘር» መጨረሻም ዙሪያ ጥምጥም መሄዱን እንዲተው ትገሥጻለች፤ ወዲያው የእግሩ ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ያለ አሠራር በድንገት አይገኝም። «የተዝረከረከ ነው» የሚለው ነቀፋ ቢያንስ በዚህ በኩል ልክ አይደለም።

«ዊ ክራይ ቱጌዘር» አንድ ወንድና አንዲት ሴት በቤታቸው ውስጥ ሲሰዳደቡ የሚሰማበት ነው። የሴቲቱን ድርሻ የምትጫወተው ተዋናይዋ ቴይለር ፔጅ ናት። ስድቡ ያለ መጋረጃ ስለ ሆነ ብዙ አድማጮች ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳልሰሙት ይናገራሉ፤ በተመላልሶ መደመጥ ሚዛን ከተመዘነ በእርግጥ ይወድቃል። ነገር ግን ጠቡ በምት ላይ ተጭኖ ስንኙ ሳይሰናከል፣ አንዱ የጀመረውን ቤት ሌላው እየመታለት መቀጠሉ ሲታሰብ፣ ሁለት ሰዎች በጥላቻ ውስጥ ሆነው እንኳ አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ ማለት ነው። ሴቲቱም የምትሸነፍ አይደለችም፤ ክርክሯ ከወንዱ ክርክር ይበልጥ የጸና ነው። ይህ ከዚህ በታች ስለሚነሣው ነገር ሊታወስ ይገባል።

«ፋዘር ታይም» የመጀመሪያው ክፍል ራስ ነው። ዘፋኙ አባቱ እንዴት እንዳሳደገው ይናገራል፤ በኳስ ሜዳ ሲወድቅ አለማንሣቱን፣ ድካምና ዕንባ እንደ ነውር መቈጠራቸውን፣ የአያቱ ሞት በተሰማ ጊዜ እንኳ አባቱ ወዲያው ወደ ሥራ መሄዱን ያወሳል። የሳምፋ ድምፅ አዝማቹን ሲያዜም ይህ ሁሉ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ውርስ ይሰማል። ነገሩ የሚረቀው ዘፋኙ አባቱን ሳያጸድቅ ማመስገኑ ላይ ነው። ያ ጭካኔ በኮምፕተን መንገድ በሕይወት እንዳቈየው ያውቃል፤ ለሚስትና ለልጅ ግን መርዝ እንደ ሆነበትም ያውቃል። ሁለቱን እውነቶች አንዱን ለሌላው ሳይሠዋ ስለ ያዘ ይህ ዘፈን በየትኛውም ማኅበር ሊቃውንት ፊት ቢቀርብ አያፍርም።

ከሁሉ ይልቅ ቍጣ ያስነሣው ኮዳክ ብላክ የተባለው ራፐር በአልበሙ ውስጥ መግባቱ ነው። ይህ ሰው በ2016 በደቡብ ካሮላይና በአንዲት ወጣት ላይ ተፈጸመ በተባለ የመድፈር ወንጀል ተከስሶ በ2021 ወደ ድብደባ ዝቅ ባለው ክስ ጥፋተኛነቱን አምኗል። ድምፁ የሚሰማው በአንድ ስፍራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ ዘፈኖች መካከል ይናገራል፣ «ሪች» የተባለው አጭር ክፍል በሙሉ የእርሱ ንግግር ነው፣ «ሳይለንት ሂል» በተባለውም ስንኝ ተሰጥቶታል። በሴቶች ላይ ስለ ደረሰ በደል በሚናገር አልበም ውስጥ ይህን ሰው ማስገባት ግዴለሽነት ነው ብለው የተቈጡ ብዙ ናቸው። ወዳጆቹ ደግሞ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የቈሰለ ሰው ሌላውን ያቈስላል የሚለው ሐሳብ የሚፈተነው ለመውደድ በሚያስቸግር ሰው ላይ ነው ይላሉ።

በዚህ ነገር ወዳጆቹ ትክክል ናቸው፤ ዳሩ ግን እስከ ግማሹ ብቻ። ሰውየው ቢወጣ አልበሙ ይቅርታን የሚናገረው በቀላሉ ለሚምሩት ሰው ብቻ ይሆናል፤ እንግዲያስ እርሱ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው ግን የተሸከመው የለም። በዚህ አልበም ውስጥ ሁሉ ይናዘዛል፤ ባለቤቱ ስለ ዝሙቱ፣ ስለ ቂሙ፣ ስለ ትዕቢቱ ይናዘዛል፣ ባልንጀራውም ትወቅሰዋለች፣ እናቱም ለዓመታት የደበቀችውን ትናገራለች። ኮዳክ ብላክ ብቻ አይናዘዝም። የሚናገረው ስለ ድህነቱ፣ ስለ አስተዳደጉና ወደ ሀብት ስለ መውጣቱ ነው። የተከሰሰበትን ነገር ከሩቅ እንኳ አያነሣም፤ ዘፋኙም አይጠይቀውም። ስለዚህ ነቀፋው ሊነሣ የሚገባው በመግባቱ ላይ ሳይሆን ገብቶ ዝም በማለቱ ላይ ነው። ስለ ግብረ ገብ የሚነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ የአሠራር ጥያቄ ይሆናል።

«ኦንቲ ዳይሪስ» ስለ ተባለው ዘፈን የተደረገው ክርክር ሌላ መልክ ነበረው። በዚህ ዘፈን ውስጥ ሴት ተብሎ አድጎ በኋላ እንደ ወንድ የኖረ አንድ ዘመዱና ወንድ ተብላ አድጋ እንደ ሴት የምትኖር አንዲት ዘመዱ ይነሣሉ። ዘፋኙ በልጅነቱ ይናገረው የነበረውን የስድብ ቃል ሳይሸፍን ይደጋግማል፤ የሴቲቱንም የቀድሞ ስም ይጠራል። ይህን የኑሮ መንገድ ከሚከተሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ቍስል መቀስቀስ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሌሎቹ ደግሞ በራፕ ውስጥ ዘመዳቸውን በአደባባይ የሚያከብር ሰው ስለ ተገኘ ደስ አላቸው። በነገራችን ላይ ዘፈኑን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ከባድ ነገር ይገጥመዋል። እንግሊዝኛው ጾታን የሚለየው በተውላጠ ስም ብቻ ስለ ሆነ ዘፋኙ በስሕተትና በትክክል መካከል ሲወላወል ቃሉ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ያጋልጠዋል፤ በአማርኛ ግን ጾታ በየግሱ ላይ ስለሚታይ ተርጓሚው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለመፍረድ ይገደዳል። ዘፋኙ በዝግታ የሚማረውን ነገር አማርኛው አስቀድሞ እንዲያውቅ ይጠይቀዋል ማለት ነው።

የዘፈኑ ኀይለኛ ስፍራ መጨረሻው ነው። በ2018 በአላባማ በተደረገ የሙዚቃ በዓል ዘፋኙ አንዲት ነጭ አድማጭ ወደ መድረክ ጋብዞ ዘፈኑን አብራው ስትዘፍን፣ ጥቍሮችን የሚያዋርደውን ቃል ሳታልፍ በማለቷ አስቁሟት ነበር። ዘመዱ ይህን አንሥታ፣ ይህን ቃል ከእኔ ጋር ልትል የምትችለው ያችም ያንን ቃል እንድትል ከፈቀድህ ነው የሚል መልስ ትሰጠዋለች። ራሱ በሕዝብ ፊት የሰጠውን ፍርድ በራሱ ላይ መለሰበት፤ ይህ ብርቱ ክርክር ነው። ሆኖም መልሱን የሚያሰማው እርሱ ነው እንጂ እርሷ አይደለችም። በ«ዊ ክራይ ቱጌዘር» ሴቲቱ የራሷ ድምፅና የራሷ ቍጣ ሲኖራት፣ እዚህ ግን ዘመዱ ለእርሱ ትምህርት እስከ ሰጠች ድረስ ብቻ ትኖራለች። ዘፈኑን የሚነቅፉት ሰዎች ስለ ስድቡ ቃል ሲከራከሩ ይህን ጕድለት የተመለከተ እምብዛም የለም።

ወደ መጨረሻው ግድም የሚገኘው «ማዘር አይ ሶበር» ስለ አልበሙ የሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚያርፍበት ነው። በፒያኖ ብቻ በዝግታ ይጀምራል፤ «ፖርቲስሄድ» የተባለው ጓድ ዘፋኝ የነበረችው ቤት ጊበንስ አዝማቹን በተሰበረ ድምፅ ታዜማለች። ዘፋኙ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ስትደበደብ መስማቱን ይናገራል። ቀጥሎም ዘመዶቹ፣ የአክስትህ ልጅ በክፉ ነካህ ወይ እያሉ ደጋግመው እንደ ጠየቁት፣ አልነካኝም ቢላቸውም እንዳላመኑት፣ ይህም አለመታመን ዕድሜውን ሁሉ እንደ ተከተለው ይናገራል። ከብዙ ዘመን በኋላ እናቱ ያን ያህል ትጠይቀው የነበረችው ይህ በደል በራሷ ላይ ደርሶ ስለ ነበረ መሆኑን ትነግረዋለች። ጥያቄው ፍቅር ነበረ፤ ልጁ ላይ ግን እንደ ጥርጣሬ ወደቀበት። ከዚያ ነገሩን ወደ ባርነት ዘመን ይመልሰዋል፤ የእናቶች ውርደትና የአባቶች ዝምታ ከዚያ ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደ ተላለፉ ያሳያል። አንድ ቤት ውስጥ የተጠየቀ አንድ ጥያቄ የአንድን ሕዝብ ታሪክ ሲሸከም በራፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ አልታየም።

ይህ ዘፈን በጥንቃቄ ካልተደመጠ ምን እንደሚደርስበት በ2024 ታየ። በዚያ ዓመት በኬንድሪክ ላማርና በካናዳዊው ድሬክ መካከል የዘፈን ጦርነት ተነሥቶ ሳለ፣ ድሬክ በሜይ ወር ባወጣው የመልስ ዘፈን «ማዘር አይ ሶበር»ን ጠቅሶ ተቀናቃኙ በልጅነቱ የተደፈረ ሰው እንደ ሆነ አድርጎ ተናገረ። ዘፈኑ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። የዘፈኑ ቍስል አልሆነም ብሎ ተናግሮ አለመታመን ነበረና፣ ተቀናቃኙ ሳያውቀው ያንኑ በደል ደገመበት። አድናቂዎች ይህን ወዲያው ስላዩት ለብዙ ቀናት ስንኙን በስንኝ እየፈቱ ተከራከሩ፤ «አልገባህም» የሚለው አነጋገርም ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በማስረጃ ተነገረ።

የ«ማዘር አይ ሶበር» ፍጻሜ የነጻነት ዐዋጅ ነው። ዘፋኙ ራሱን ከጥፋተኛነት ስሜት፣ እናቱን ከኀፍረቷ፣ ዘመዱን፣ ባልንጀራውን፣ ልጆቹን፣ በመጨረሻም በዳዮችን ሁሉ ነጻ ያወጣል። ከዚያ ባልንጀራው የትውልዱን መርገም እንደ ሰበረ ትመሰክርለታለች፤ ሴት ልጁም ታመሰግነዋለች። ብዙ አድማጭ እዚህ ላይ እንደሚያለቅስ ይናገራል፤ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ከመጨረሻው ሐረግ ላይ ትንሽ መቈም ይገባል። እናቱን ነጻ ማውጣት ለልጅ ይገባዋል፤ ራሱንም ቢምር የራሱ ነገር ነው። በዳዮችን ሁሉ ነጻ የማውጣት ሥልጣን ግን ከየት መጣ? በደል የደረሰበት ሰው ሳይጠራ ለበዳዩ የሚሰጥ ይቅርታ የማን ነው? ኮዳክ ብላክ ያለ ኑዛዜ የቆመበት ስፍራ ይኸው ነው። «ሴቪየር» ላይ አዳኝነትን እምቢ ያለ ሰው ከሦስት ዘፈኖች በኋላ ሳያስተውለው አዳኝ ሆኖ ይናገራል፤ የወለቀው አክሊል ተመልሶ በራሱ ላይ ተቀመጠ።

ስለዚህ ነቃፊዎቹ ጕድለት እንዳለ የተሰማቸው በከንቱ አይደለም፤ ስፍራውን ግን ሳቱት። ጕድለቱ ዘፋኙ የሕዝብ አገልግሎትን እምቢ ማለቱ አይደለም፤ ያን እምቢታ እስከ መጨረሻው አለመጠበቁ ነው። «ፋዘር ታይም»ና «ማዘር አይ ሶበር» እያንዳንዳቸው ድንቅ ሥራ ለመባል የሚበቁ ናቸው፤ የታፕ ዳንሱ አሠራርም የበሰለ እጅ ያለበት ነው። ሙሉው አልበም ግን ለዚህ ስም አይበቃም። የሚዘለሉ ዘፈኖች ስላሉበት አይደለም፤ በእርግጥ «ሪች ስፒሪት» እና «ሳይለንት ሂል» በሌላ በማንኛውም አልበም ውስጥ ቢገኙ የማይጐረብጡ፣ እዚህ ግን ቦታ ከመሙላት ያላለፉ ናቸው፤ «ክራውን»ም አንዱን ሐረግ ሲደጋግም ሐሳቡን ከሚሸከመው በላይ ይረዝማል። እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ትልቁ፣ አልበሙ ለራሱ ያቆመው ሕግ፣ ማለት እውነቱን ሳይናገር ማንም ነጻ አይወጣም የሚለው፣ ለአንድ እንግዳ ሲባል መላላቱ ነው።

የመጨረሻው ዘፈን «ሚረር» ይባላል። በእርሱም ዘፋኙ ራሱን ስለ መረጠ አድማጮቹን ይቅርታ ይጠይቃል። አድማጮቹ የሰጡት መልስ አንድ አይደለም። በ2024 በድሬክ ላይ የዘመተበት «ናት ላይክ አስ» የተባለው ዘፈን በአገሩ ሁሉ ሲዘፈን፣ በጁን 19 ቀንም በኢንግልዉድ መድረክ ላይ ሕዝቡ እየጮኸ ደጋግሞ ሲያስዘፍነው፣ አንዳንዶች የ«ሚስተር ሞራል» ንስሐ ከንቱ እንደ ነበረ ማስረጃ ነው አሉ፤ ቂምን ጥያለሁ ያለ ሰው እንዲህ አይዋጋምና፤ በሴቶች በደል ተቀናቃኙን የሚወቅስ ሰውም ኮዳክ ብላክን አጠገቡ አያቆምም አሉ። ሌሎች ደግሞ አልበሙን እንደገና ከፍተው «ፋዘር ታይም»ን ጠቀሱ፤ በዚያ ዘፈን ድሬክና ካንዬ ዌስት ሲታረቁ በማየቱ ግራ እንደ ተጋባ፣ እርሱ ገና ወደዚያ ብስለት እንዳልደረሰ አስቀድሞ ተናግሮ ነበርና። ከ2022 ጀምሮ በተደረገው ክርክር ውስጥ ከሥራው ከራሱ ቃል የተነሣ፣ ከዚያም የወጣ ሙግት ይህ ነው፤ በሁለቱም ወገን ገና አልተመለሰም።